አጋጣሚ ያላገናኛቸው ሰዎች

በናይሮቢ ከተማ፣ ከዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ከሞምባሳ መንገድ በስተምዕራብ ተዘርግቶ የሚገኘውን ሳውዝ ሲ የሚባለውን ሰፈር፣ ፀሐይ ወደ ንጎንግ ኰረብቶች ማዘንበል በጀመረችበት ሰዓት በሙሆሆ ጎዳና ዳር ቆሞ የሚመለከተው ሰው፣ አንድ ከተማ ሳይሆን ብዙ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ የሚተላለፉ ይመስለዋል። ለብዙ ዓመታት የሜሩን ጫት፣ በአገሩ አጠራር ሚራን፣ ወደ ሶማሊያ ሲልክ ወደ ኖረው ወደ ዊልሰን ማረፊያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ይወርዳሉ፤ የመግሪብ አዛን ከመስጊዱ ይሰማል፤ የሱቁን መዝጊያ ወደ ታች የሚስበው ባለመድኃኒት ቤት ቅድመ አያቶቹ ከጉጃራት በመርከብ የመጡ ናቸው፤ ከእርሱ ማዶ የግመል ወተት የምትሸጠው ሴት የጋሪሳ ሶማሌ ናት፤ በየግቢው በር የሌሊቱን ተራ የሚረከቡት ዘበኞች ከምዕራብ ኬንያ ከሉህያና ከሉኦ አገር እንጀራ ፍለጋ የወጡ ናቸው፤ ከአንደኛው ፎቅ መስኮት የሚወጣው የዕጣንና የቡና ጢስ ደግሞ በዚያ ቤት ሐበሻ መኖሩን ይመሰክራል።

እነዚህ ሰዎች አንዱ ያለ ሌላው ውሎ ማደር አይሆንላቸውም። ነጋዴው ያለ ዘበኛው እንቅልፍ የለውም፤ ዘበኛው ያለ ነጋዴው ደመወዝ የለውም፤ ሐበሻው ሶማሌው አከራይ ካልፈቀደለት ማደሪያ የለውም፤ ይሁን እንጂ አንዱ የሌላውን ደጅ እንጂ ጓዳውን አያውቅም። እንዲህ ያለውን ኑሮ፣ ማለት በጥቅም የተሳሰሩ በዘርና በሃይማኖት ግን የተለያዩ ብዙ ሰዎች ሳይተዋወቁ የሚተላለፉበትን ሕይወት፣ በአንድ ዋና ባለታሪክ ዙሪያ በሚዞር ድርሰት ለመግለጽ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የፊልም ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ በቈየ ልማድ ሌላ መንገድ አበጅተዋል፤ ይኸውም አራት ወይም አምስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጡ ታሪኮችን ጎን ለጎን አስኪዶ በአንድ ቀን ወይም በአንድ አደጋ ላይ የሚያጋጥማቸው የብዙ ሰዎች ድራማ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ አኳኋን ባዕድ ሊሆንብን አይገባም። በአንድ የመቅደስ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ከእርሱ አጠገብ ሄሮድስ ሕፃናቱን ሲያስፈጅ፣ ከሁሉ በታች ሥዕሉን ያሣለው ባላባት በግንባሩ ተደፍቶ ሲማጸን እያየን አድገናል፤ ዘመናቸውና አገራቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ግድግዳ ላይ ያዋላቸው ምሥጢር ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር፣ መልሱ ከመሪጌታው አይታጣም። ግሪፊት የተባለው አሜሪካዊ በ1916 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) «ኢንቶለራንስ» በተባለው ፊልሙ የባቢሎንን ውድቀት፣ የክርስቶስን ሕማማት፣ በ1572 በፈረንሳይ አገር የፕሮቴስታንቶችን መታረድና የራሱን ዘመን ሠራተኞች መከራ እያፈራረቀ ሲያሳይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። የሚያስገርመው ግን ይኸው ሰው ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በሠራው «ዘ በርዝ ኦቭ ኤ ኔሽን» በተባለው ፊልም ጥቁሮችን አዋርዶ የኩ ክሉክስ ክላንን ማኅበር አወድሶ ስለነበረ፣ ስለ ጥላቻ ክፋት የተሠራው የመጀመሪያው ታላቅ የተጋመደ ፊልም ከአራቱ ታሪኮች በአንዱ እንኳ የጥቁርን አሜሪካዊ በደል ሳያነሣ መቅረቱ ነው። ይህ የትውልድ ነቀፋ ከዚህ ዓይነቱ ድርሰት ላይ ጨርሶ የተፋቀ አይመስለኝም።

ከግሪፊት በኋላ የመጡትን ሁሉ መዘርዘር አስፈላጊ አይደለም። ሮበርት አልትማን በ1975 «ናሽቪል»ን፣ በ1993 «ሾርት ከትስ»ን ሠርቶ መልኩን አደላደለው፤ ስፓይክ ሊ በ1989 «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» በተባለው ፊልሙ በብሩክሊን አንድ መንደር የአንድ ቀን ሙቀት እንዴት ወደ እሳት እንደሚለወጥ አሳየ፤ ሜክሲኮአዊው አሌሃንድሮ ጎንሳሌስ ኢኛሪቱ በ2000 «አሞሬስ ፔሮስ»ን፣ በ2006 ደግሞ ከሞሮኮ እስከ ጃፓን የተዘረጋውን «ባቤል»ን አመጣ። ስለ ዘር ጥላቻ በሚነገርበት ጊዜ ግን ስሙ ቀድሞ የሚጠራው የፖል ሃጊስ «ክራሽ» ሲሆን፣ በ2005 በአሜሪካ ለሕዝብ ቀርቦ በማግሥቱ ዓመት «ብሮክባክ ማውንቴን»ን ቀድሞ የዓመቱን ምርጥ ፊልም የኦስካር ሽልማት፣ ከእርሱም ጋር የድርሰትንና የአርትዖትን ሽልማት ወስዷል። ሃጊስ ሐሳቡን ያገኘው በ1991 በሎስ አንጀለስ መኪናውን በመሣሪያ ከተቀማ በኋላ ነው ይባላል፤ ቀማኞቹ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ምን ይነጋገሩ ይሆን ብሎ ማሰቡ፣ በእውነት፣ ለደራሲ የሚገባ ጥያቄ ነበር።

የፊልሙን ልብ የያዙት ሁለት ትዕይንቶች ናቸው። ራያን የተባለ ነጭ ፖሊስ አንድን ጥቁር የቴሌቪዥን ዳይሬክተርና ሚስቱን በሌሊት አስቁሞ፣ ፍተሻ በሚል ሰበብ የሴቲቱን ገላ ባሏ እያየ በእጁ ይዳስሳል፤ ባልየውም ለሕይወቱና ለእንጀራው ፈርቶ ዝም ይላል። በማግሥቱ የሴቲቱ መኪና ተገልብጣ ቤንዚን በሚፈስበት ሰዓት ደርሶ ከእሳት የሚያወጣት ያው ፖሊስ ነው፤ እርስዋም ፊቱን ባየች ጊዜ ሞትን መርጣ ትጮኻለች፣ እርሱ ግን ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ያድናታል። በአንጻሩ፣ የራያንን ሥራ ተጸይፎ ከሌላ ባልደረባ ጋር ልመደብ ብሎ የለመነው ወጣት ፖሊስ፣ በመንገድ ያሳፈረውን ጥቁር ልጅ ከኪሱ የቅዱስ ክርስቶፎርን ምስል ሲያወጣ መሣሪያ መስሎት ተኩሶ ይገድለዋል። ክፉው አዳነ፤ ደጉ ገደለ።

ይህን ያየ የተዋሕዶ ልጅ ታሪኩ አዲስ አይሆንበትም፤ ተአምረ ማርያምን ሰምቷልና። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ፣ ከቍስሉና ከጥሙ የተነሣ በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ ድኻ የሰጣት ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ከበላቸው ሁሉ ከብዳ እንዳስማረችው እናውቃለን። ነገር ግን በዚያ ድርሳን ሚዛኑን የያዘ አለ፤ ኪዳኑን የተቀበለች አማላጅ አለች፤ የተበሉትም ተቈጥረው በፊት ቀርበዋል። በሃጊስ ፊልም ግን ሚዛኑን የያዘው አጋጣሚ የሚሉት ዕውር ነገር ሲሆን፣ ጥርኝ ውኃው ያለ ንስሐና ያለ ካሣ ይመዘናል፤ የተዳሰሰችው ሴት ስለ ሌሊቱ ፍርድ ታገኝ እንደሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ጥቁሩ አሜሪካዊ ጸሐፊ ታ-ነሂሲ ኮትስ ይህን ፊልም የዐሥር ዓመቱ እጅግ የከፋ ፊልም ነው ብሎ በ2009 ሲጽፍ፣ ብዙ ሰው ቃሉን አበዛው አለ። እኔም እንደ እርሱ አልመርርም፤ ሹማምንቱ ፍትሕን በፖለቲካ ሲለውጡ የሚያሳዩ ሁለት ሦስት ትዕይንቶች ስላሉ ደራሲው ሥርዐቱን ጨርሶ አላየም ማለት ግፍ ይሆናል። ነገር ግን ፊልሙ ሲያልቅ በተመልካቹ ልብ የሚቀረው ሁሉም ሰው በሁሉም ላይ ይበድላል የሚለው ምሕረት መሰል ትምህርት ሲሆን፣ ይህም ለበዳይ የሚመች ለተበዳይ የማይረባ ነው።

ኦስትሪያዊው ሚካኤል ሃነከ በ2000 በፓሪስ የሠራው «ኮድ ኢንኮኑ» ከዚህ ይሻላል። በዚያ አንድ ነጭ ልጅ የያዘውን ወረቀት ጨምድዶ ለልመና በተቀመጠች ሮማንያዊት ጭን ላይ ይጥላል፤ የማሊ ተወላጅ የሆነ አንድ ወጣት ይቅርታ ጠይቃት ብሎ ይይዘዋል፤ ፖሊስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ወጣቱ ታስሮ፣ ሴቲቱ ወደ አገሯ ተባርራ፣ ወረቀት የጣለው ልጅ በሰላም ይሄዳል። ሰዎቹን ያገናኘው የመንገድ አጋጣሚ ነው፤ የለያያቸው ግን ሕግ ነው፤ ማን ምን ወረቀት በኪሱ እንደያዘ የሚጠይቅ ሕግ።

በሳውዝ ሲ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ቤት «ክራሽ»ን ለማየት በተሰበሰብንበት ምሽት ይህ ነገር ከእኔ ሐተታ ይልቅ በአጭሩ ተነግሯል። ቤቱ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ባለቤቲቱ በደርግ ጊዜ በሞያሌ በኩል የወጣች፣ ልጆቿን በዚሁ ያሳደገች ሴት ናት፤ የእኅቷ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ በንግድ ይረዳታል፤ በክብር ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ሞያሌ ተወልዶ በማደጉ አማርኛ የሚያውቀው ሶማሌው አከራይ ነበር። ፖሊሱ ሴቲቱን ከእሳት ሲያወጣት የቤቱ እመቤት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አከራዩ ግን ሣቀ።

«እትዬ፣ እኔን ፖሊስ ስንት ጊዜ አስቁሞኛል» አላት። «በማግሥቱ ከእሳት ሊያወጣኝ የመጣ ግን አንድም የለም። የተመለሰም እንደሆነ የቀረውን ሊቀበለኝ ነው።»

«ተው እንግዲህ ወንድሜ፣ ፊልም እኮ ነው» አለችው።

ወጣቱ በዚህ መካከል ገብቶ፣ እርሱንም በሞምባሳ መንገድ አስቁመው ሶማሌ ነህ ብለው ብዙ እንዳንገላቱት፣ እርሱ ግን ፓስፖርቱን አውጥቶ ኢትዮጵያዊ መሆኑን እንዳስረዳቸው በኵራት ሲናገር፣ አከራዩ ዝግ ብሎ «ታዲያ ሶማሌ ብትሆን ኖሮ ልክ ነበሩ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ የቤቱ እመቤትም ለአከራዩ ሁለተኛውን ቡና ቀድታ ነገሩን በጨዋነት አለፈችው።

በዚያች መንገድ ላይ ልጁንና ፖሊሱን ያገናኛቸው ዕድል አልነበረም። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ጣቢያ ሆና ስትቈረቈር ጀምሮ ማን የት እንደሚያድር በደንብ የተከፈለች ከተማ ናት፤ ነፋሻው የምዕራብ ኰረብታ ለአውሮፓውያን፣ ፓርክላንድስና ንጋራ ከ30,000 በላይ ሆነው ሐዲዱን ሊሠሩ ከመጡት ሕንዶች ኋላ ለተከተሉት እስያውያን፣ ረግረጉ የምሥራቅ ሜዳ ለአፍሪካውያን ሠራተኞች ተደለደለ። አፍሪካዊው ወንድ ዕድሜው ለሥራ ሲደርስ ስሙን፣ የጣት አሻራውንና የአሠሪውን ፊርማ የያዘ ወረቀት በብረት ሣጥን ከትቶ በአንገቱ እንዲያንጠለጥል በ1915 ተደንግጎ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራ ላይ ዋለ፤ ኪፓንዴ ይሉት ነበር፣ ሕዝቡም ዛሬ ድረስ የመታወቂያ ወረቀቱን በዚያው ስም ይጠራዋል። በሚያዝያ 1954 እንግሊዞች ኦፕሬሽን አንቪል በተባለው ዘመቻ ከተማውን ከበው ኪኩዩውን፣ ኤምቡውንና ሜሩውን ከሌላው እየለዩ በዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ወደ እስር ሠፈር ሲያግዙ፣ አንዱ የመለያ መሣሪያ የመታወቂያ ወረቀት ነበር። ነጻነት ከመጣ በኋላ ሰፈሮቹ በዘር መከፈላቸው ቀርቶ በገንዘብ ተከፈሉ፤ ሳውዝ ሲም መካከለኛ ኑሮ ያለው ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ፣ የሚከራይበት ሰፈር ሆነ። የእስያ ተወላጆች የኬንያ 44ኛ ነገድ ተብለው በመንግሥት የታወቁት ግን በ2017 መሆኑን ስናስብ፣ ባለመድኃኒት ቤቱ ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ በኖረበት አገር ስንት ዘመን እንግዳ ሆኖ እንደ ቈየ መገመት አያዳግትም።

የኬንያ የፊልም ሰዎች ይህን ታሪክ በደማቸው ስለሚያውቁት፣ የተጋመዱ ሕይወቶችን ሲሥሉ በአጋጣሚ ብዙም አይታመኑም። ዋኑሪ ካሂዩ በ2008 «ፍሮም ኤ ዊስፐር» በተባለው ፊልሟ፣ ነሐሴ 7 ቀን 1998 በናይሮቢ የአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በተጣለውና በዚህች ከተማ ብቻ 213 ሰዎችን በገደለው ፍንዳታ እናቷን ያጣችን ልጅና፣ የቅርብ ወዳጁ ከአጥፊዎቹ አንዱ የነበረውን አቡ የተባለ እስላም የጸጥታ ሠራተኛ ከዐሥር ዓመት በኋላ ታገናኛለች። ልጅቱ በከተማው ግድግዳ ላይ የልብ ሥዕል እየሣለች እናቷን ትፈልጋለች፤ ሰውየው ደግሞ የራሱን ሃይማኖት በሌላው ዐይን ወንጀል ሆኖ ያያል። ጁዲ ኪቢንጌ በ2013 የሠራችው «ሳምቲንግ ኔሰሰሪ» ከዚህም ይበረታል፤ ከ1,000 ሰዎች በላይ የሞቱበትንና ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ከቤቱ የተፈናቀለበትን የ2007ን የምርጫ ማግሥት ሁከት ይዛ፣ ባሏን የተነጠቀችውን አን የተባለች ነርስና በዚያ ጥፋት ከነበሩት ወጣቶች አንዱ የሆነውን ጆሴፍን ጎን ለጎን ታስኬዳቸዋለች። ጆሴፍ ኅሊናው እያሳደደው ወደ ሴቲቱ እርሻ ይሳባል። እንደ ሃጊስ ፖሊስ ግን በአንድ የጀግንነት ቀን አይነጻም፤ ድርሰቱ ካሣን ከይቅርታ አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ፊልሙ ቀዝቃዛና አዝጋሚ ሆኗል የሚሉ አሉ። ለእኔ መዝገሙ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ይልቅ በሳውዝ ሲ ሰው አፍ የሚነሣው፣ ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላው «ዋቱ ዎቴ» ነው። አዘጋጇ ካትያ ቤንራት የተባለች ጀርመናዊት ስትሆን፣ ፊልሙ በሐምቡርግ የፊልም ትምህርቷ መጨረሻ የሠራችው ነበር፤ በ2017 የተማሪዎችን ኦስካር ወስዶ በ2018 ለዋናው ኦስካር ታጭቷል። ታሪኩ የተወሰደው በታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ ሲጓዝ በአል ሸባብ ታጣቂዎች እጅ ከወደቀው አውቶቡስ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በኅዳር 2014፣ በዚያው አገር ሌላ አውቶቡስ አስቁመው እስላም ያልሆኑትን ለይተው 28 ሰዎች ገድለው ነበር፤ በሚያዝያ 2015 ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች ተገድለዋል። ስለዚህ በአውቶቡሱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ከመሳፈሩ በፊት ምን ሊጠየቅ እንደሚችል ያውቅ ነበር።

በፊልሙ ጁዋ የተባለችው ክርስቲያን ሴት ቤተሰቧን በታጣቂዎች እጅ ያጣች ስለሆነች፣ ከጎኗ የሚቀመጡትን ሶማሌዎች በጥላቻ ትመለከታለች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ጥላቻዋ ግልጥ ሆኖ ይታያል፤ ድርሰቱም ተበድላለች ብሎ አያባብላትም። አውቶቡሱ ሲቆም ግን እስላሞቹ ሴቶች ሒጃባቸውን አውልቀው የክርስቲያኖቹን ራስ ይሸፍናሉ፤ ታጣቂዎቹ ለይታችሁ አውጡ ሲሏቸው ተሳፋሪዎቹ አንለያይም ይላሉ። ሳላህ ፋራህ የተባለው መምህር በዚያ ቀን በጥይት ቈስሎ በጥር 2016 በናይሮቢ ከተማ ሕይወቱ ያለፈ እውነተኛ ሰው ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ያስገባቸው ዕጣ አይደለም፤ የሰሜኑ ጠቅላይ ግዛት ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ያለ ልማትና ያለ መንገድ የተተወ በመሆኑ፣ መምህሩም ነጋዴውም ነርሷም በአንድ የአፈር ጎዳና ላይ መጓዝ ግድ ስለሆነባቸው ነው። ሰዎቹ ያን ቀን እምቢ ያሉት የታጣቂዎቹን ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን፣ ሰውን ከሰው የመለየትን የቈየ ልማድ ነበር።

ይህን ልማድ ታጣቂዎች ብቻ አልፈጠሩትም። የኬንያ መንግሥት ራሱ በኅዳር 1989 ዜጎቹ የሆኑትን ሶማሌዎች ብቻ ለይቶ እንዲመረመሩና የተለየ ካርድ እንዲይዙ አዞ ነበር። በ2013 በዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች ከተገደሉ በኋላም፣ በሚያዝያ 2014 ኡሳላማ ዋች በተባለው ዘመቻ፣ ከኢስሊ ተነሥቶ ሶማሌዎች በሚኖሩባቸው ሌሎች ሰፈሮችም በተደረገው አፈሳ 4,000 ያህል ሰዎች ተይዘው ብዙዎቹ በካሳራኒ የእግር ኳስ ሜዳ ታጉረው ሰነበቱ። በዚያ ጊዜ ሶማሌዎች በፖሊስ ፊት ራሳቸውን ኤቲኤም እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ከተማው ይህን ቀልድ ዛሬም አልረሳውም። ሐበሻው በዚህ ሁሉ መካከል የተለየ ዕጣ አለው፤ በመልኩ ከሶማሌው ጋር ይታፈሳል፣ በወረቀቱ ይለቀቃል፣ ከተለቀቀ በኋላም ያልተለቀቁትን ለመርሳት ይቸኵላል።

በዚህ ረገድ ከእኛ ወገን የተሠራው ታላቅ ፊልም የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ሲሆን፣ በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የድርሰትን ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለው ሐኪም በጀርመን አገር በዘረኞች እጅ ተደብድቦ አካሉ ጐድሎ ወደ ጣና ዳር መንደሩ ይመለሳል፤ ጓደኛው ተስፋዬ ደግሞ በገዛ አገሩ በገዛ ወገኖቹ ተቀጥቅጦ ይሞታል። ተስፋዬ በጀርመን ጥሎት የመጣው ከነጭ የተወለደ ልጅ በሁለቱ ዓለም መካከል ይቀራል፤ በመንደሩም አዛኑ የተባለች ሴት እንደ ርኩስ ተቈጥራ ከሰው ተለይታ ትኖራለች። ኃይሌ እነዚህን ሕይወቶች ሲያጋምድ ዘረኝነትን የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አድርጎ አልተወውም፤ በጀርመን መስኮት የወደቀውንና በመንደር የተገፋችውን በአንድ ግድግዳ ላይ ሥሏቸዋል። እኛ ግን ከጤዛ የምንናገረው የጀርመኑን ክፍል ነው። በናይሮቢ ቤታችን ውስጥ ጠቆር ያለችውን የቤት ሠራተኛ በምን ስም እንደምንጠራት፣ ልጆቻችንም ያን ስም ከማን እንደ ሰሙት ማንሣት እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ነውሩ ግን ከማንሣቱ ላይ አይደለም።

ያ ምሽት «ክራሽ» ካለቀ በኋላ፣ ወጣቱ በመካከላችን በተነሣው የካሳራኒና የማንዴራ ወሬ ልቡ ተነክቶ፣ እኛም ስለ ሳውዝ ሲ የአንድ ቀን ፊልም መሥራት ይገባናል ብሎ ተነሣ። ሁሉም በየልቡ መጀመሪያውን አወጣ፤ ልጁ ከዊልሰን ከሚነሣው አውሮፕላን ይጀመር አለ፤ አከራዩ ከግቢው በር፣ ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቅ፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ ከቡናው። ቋንቋውም አከራከራቸው፤ አንዱ ስዋሂሊ ይሁን ሲል፣ ሌላው የመንገድ ልጆች በሚናገሩት በሼንግ ካልሆነ ውሸት ይሆናል አለ፤ በመጨረሻም ሰው ሁሉ በገዛ አፉ ይናገር፣ ተመልካቹ ከታች በጽሑፍ ያንብብ በሚለው ተስማሙ። ቀኑን ሙሉ ልብስ ስታጥብ የዋለችው ማማ ፉዋ ከሰገነቱ ላይ የደረቀውን አንሶላ አጥፋ ስትገባ፣ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ በስዋሂሊ ጠየቀች። ወጣቱም የአምስት ሰዎች ታሪክ እንደሆነ፣ ከአምስቱ አንዷ እርሷን የምትመስል እንደሆነች ነገራት።

ካሜራው ሙኩሩ ሰፈር እኔ ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ ወይስ ከዚህ በር ይመለስ እንደሆነ ጠየቀችው። ይመጣል አላት። እንግዲያውስ በእግር የምሄድ ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓትም ከቤቴ ስለምወጣ በጨለማ የሚያይ ካሜራ ፈልጉ አለችው፤ ደግሞም ያን ቀን ልብስ ስለማላጥብ የቀኑን ዋጋ ማን ይከፍለኛል ብላ አከለች። ሁሉም ወደ አከራዩ ተመለከቱ። እርሱም ስንት እንደምትፈልግ ጠየቃት፤ ለአጠባ ከሚከፈላት እጥፍ የሆነ ዋጋ ነገረችው፤ ሰውየውም ፊልሙን ረስቶ በዋጋው መከራከር ጀመረ።